ጽሑፌን አይቶ የሚያርመኝ የሙያ ታላቅ እፈልጋለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የሕዝብ ግንኙነት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቅ የቀረኝ አንድ ሴሚስተር ነው። ሥራዬን የሚያይልኝ ሰው አጥቼ ተቸግሬአለሁ።

ክረምት ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ክፍል ሁለት ወር ተለማምጄ ነበር። ስብሰባ ፎቶ ማንሳት፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ መለጠፍ፣ ባነር መስቀል። በቃ። አንዴ ግን ስለ ውሃ መቋረጥ መግለጫ እንድጽፍ ተሰጠኝ። የትኞቹ ሰፈሮች፣ ለስንት ቀን የሚለውን መጀመሪያው መስመር ላይ አስቀመጥኩ። ተሰርዞ ተመለሰልኝ። የመጀመሪያው አንቀጽ በሙሉ የኃላፊው ስምና ማዕረግ ሆነ፤ ሰፈሮቹ አራተኛው አንቀጽ ላይ ወረዱ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «አሠራሩ እንዲህ ነው» ተባልኩ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ጀሪካን ይዛ የምትጠብቅ እናት የምትፈልገው የቱን ነው?

ክፍል ውስጥ የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ተምረናል። መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሥራ ነው ይላል። ያንን ሥራ ግን በዓይኔ አላየሁትም።

ሥራ ስፈልግ ደግሞ «የሠራሽውን አሳዪን» ይሉኛል። ያለኝ የስብሰባ ፎቶ ብቻ ነው። ምን ልጻፍ? ያልታዘዝኩትን መግለጫ ለልምምድ ጽፌ ባሳይ ያስኬዳል?

በሙያው የቆያችሁ እህት ወንድሞቼ፣ በወር አንድ ጽሑፍ ብቻ አንብባችሁ በቀይ እስክሪብቶ ብታርሙልኝ ይበቃኛል። ገንዘብም ሥራም አልጠይቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ያላችሁበት ድረስ እመጣለሁ።