ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ከመኪናዬ መሪ መራቅ አልቻልኩም

ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ52 ነው። ከአየር ጤና ሰበታ እየተመላለስኩ አስተምራለሁ። የምነዳት መኪና ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ አነስተኛ የጃፓን ሥሪት ናት፤ መሪዋ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

ቀበቶውን አስተካክያለሁ፤ የታችኛው ከሆዴ ሥር በዳሌ አጥንቴ ላይ፣ የላይኛው በጡቶቼ መካከል አልፎ በትከሻዬ ላይ ያርፋል። ያስጨነቀኝ ኤርባጉ፣ መኪና ሲጋጭ ከመሪው በኃይል የሚነፋው የአየር ከረጢት ነው። ከመሪው መሐል እስከ ደረት አጥንት ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር መኖር እንዳለበት አውቃለሁ፤ በሜትር ስለካው የእኔ 17 ብቻ ነው። ሆዴ ደግሞ ከዚያም ይቀርባል፣ በየሳምንቱም እየቀረበ ነው።

ወንበሩን ወደ ኋላ ስገፋው ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው መርገጥ ያቅተኛል። መደገፊያውን ጋደም ሳደርገው ቀበቶው ከትከሻዬ ላይ ላላ። ከጀርባዬ ትራስ ባደርግ መልሶ ወደ መሪው ገፋኝ። ወፍራም ሶል ያለው ጫማም ሞከርኩ፤ ፍሬኑን ምን ያህል እንደረገጥኩ ስላልታወቀኝ በዚያው ቀን ተውኩት።

አንድ መካኒክ ኤርባጉን እንንቀለው አለኝ። አልተስማማሁም። ቀበቶውና ኤርባጉ ተደጋግፈው እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው፤ ልጄን በሆዴ ይዤ አንዱን አጉድዬ መንገድ አልወጣም።

ፔዳል ላይ በብሎን የሚታሰር ማራዘሚያ እንዳለ ሰምቻለሁ። ከፍሪሲዮኑና ከፍሬኑ ላይ የማይንሸራተት፣ እኔንም 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ የሚያርቀኝ ማራዘሚያ አዲስ አበባ ውስጥ የት አገኛለሁ?