ሰርቨር ላይ የተጫነውን ሶፍትዌር ለመቁጠር በየትኛው ልጀምር? (ጥቆማ)

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሰርቨሮቻችን ላይ ምን ምን እንደተጫነ ዝርዝር አምጡ ተብለናል፤ በምን እንጀምር?» ብሎ ጠየቀኝ። የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ መልሴን እዚህ ላስቀምጠው።

ኤክሴሉን እርሱት። እኛም በኤክሴል ነበር የምንይዘው፤ ያዘጋጀው ልጅ ሥራ ሲለቅ የሚያድሰው ጠፋ።

በጀት ለሌለው ቢሮ ምርጫዬ ጂኤልፒአይ (GLPI) የሚባለው የኮምፒውተር ንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ነው። የፈረንሳዮች ሥራ ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ክፍያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ስሪት 10 ወዲህ ቆጠራው አብሮት ይመጣል፤ ድሮ ለብቻው ፕላጊን (ተጨማሪ ማሟያ) መጨመር ነበረብን። በየሰርቨሩ ኤጀንት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ትጭናላችሁ፤ እሱ የተጫነውን ቆጥሮ ይልካል። በጣም የምወድለት ግን የገዛችሁትን ላይሰንስ እዚያው መዝግባችሁ ከተጫነው ጋር ማስተያየት መቻላችሁን ነው።

ኤጀንት መጫን ካልተፈቀደላችሁ ከሩቅ የሚቆጥረውን የቤልጂየሙን ላንስዊፐር (Lansweeper) እዩ። ዊንዶውሱን በደብሊውኤምአይ (የዊንዶውስ መረጃ መጠየቂያ)፣ ሊኑክሱን በኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያ) ገብቶ ያነባል። እስከ 100 መሣሪያ ድረስ ነጻ ነው። ከዚያ በላይ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ እሱ እዚህ አገር ስንት ደጅ እንደሚያስጠና ታውቃላችሁ። ደግሞም የሰርቨሮቹ ሁሉ ፓስወርድ አንድ ቦታ ይከማቻልና ላንስዊፐር የተጫነበትን ማሽን አደራ ጠብቁት።

በስክሪፕት እንሠራዋለን የምትሉ፣ ዊንዶውስ ላይ ዊን32 ፕሮዳክት (Win32_Product) የሚባለውን የደብሊውኤምአይ ክላስ አትንኩ። በኤምኤስአይ (በዊንዶውስ መጫኛ ፓኬጅ) የተጫነውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ይባስ ብሎ እያንዳንዱን ፓኬጅ ሲፈትሽ ጥገና ሊጀምር ይችላል፤ ያውም ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር! ይልቅ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ አንኢንስቶል (Uninstall) የሚለውን ቁልፍ አንብቡ። የ32 ቢት ፕሮግራሞች ለብቻ ስለሚቀመጡ ሁለቱንም ቦታ እዩ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሊኑክስ ላይ ቆጣሪዎቹ በዋናነት የሚያነቡት የሊኑክስ ፓኬጅ መጫኛዎቹን የአርፒኤምን ወይም የዲፒኬጂን መዝገብ ነው። ከዚፕ ተፈትቶ የተቀመጠ ነገር እዚያ የለም። አንድ ሰርቨራችን ላይ ሪፖርቱ «ጃቫ የለም» አለ። ኦፕት (/opt) ፎልደር ውስጥ ገባን፤ ሦስት የኦራክል ጃቫ ተደርድሯል፣ አንዱም እየሠራ ነው። ኦራክል ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2023 መጀመሪያ ወዲህ የጃቫን ሰብስክሪፕሽን የሚያሰላው በማሽን ሳይሆን በድርጅቱ ሠራተኛ ብዛት ነው። ስለዚህ አንዲት ፎልደር ትልቅ ሒሳብ ልታመጣ ትችላለች። ለዚህ ኦኤስኩዌሪ (osquery) የሚባለውን የማሽን መረጃ መጠየቂያ መሣሪያ ጨምሩ። ፌስቡክ የሠራው ነው፤ በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ትጠይቁታላችሁ። ፕሮሰስስ የሚለው ሰንጠረዥ አሁን የሚሠራው ጃቫ ከየትኛው ፎልደር እንደተነሳ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ የሆነው ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይም ስሙን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ኤዲሽኑን (ዓይነቱን) እዩ። ዴቨሎፐር ኤዲሽን ሶፍትዌር ለሚሠራበትና ለሚሞከርበት ማሽን ነጻ ነው፤ ደንበኛ የሚያገለግል ሰርቨር ላይ ግን አይፈቀድም። ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ኤዲሽን በኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ የማስሊያ ክፍሎች ብዛት) ይከፈልበታል። ዳታቤዙን ራሱን ኤዲሽኑን ጠይቁት፤ መልሱን ከኮሩ ብዛት ጋር ጂኤልፒአይ ላይ መዝግቡ።