ሰላጣ ምሳ ይሆናል ወይ?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ብቻዬን ነው የምኖር። ቤቴ ያለው 3 ድንች፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ አንድ ቀይ ሥርና ከትናንት የተረፈ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ነው። ጾም ስለሆነ እንቁላል የለም። ሰላጣ በልቼ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይርበኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንፍሮ ይዘህ ትራባለህ እንዴ! የሚያጠግበው እሱ ነው። ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅል። ልጠህ ቆራርጠው፣ ትኩስ እያለ ሎሚና ጨው አድርግበት፤ ከቀዘቀዘ እንደዚያ አይመጥጥም። ጎመኑን በስሱ ክተፍና በጨው እሸው፣ ይለሰልሳል። ቀይ ሥሩን መጨረሻ ላይ። አለዚያ ሁሉንም ያቀላዋል።

ሌላ መልስ፦ ሰናፍጭ ካለህ በዘይትና በሎሚ በጥብጠህ አፍስስበት። ባሕር ዳር ተማሪ ሆኜ በሱ ነው የኖርኩት። ቃሪያ እንዳትረሳ!

ጠያቂ፦ ሠራሁት። ቀይ ሥሩን ቀድሜ ጨምሬው ሁሉም ቀላ። ግን ይኸው አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ አልራበኝም።