ወንድሜ መጠጥ ተወ፣ ቤቲንጉ ግን ባሰበት

ታናሽ እህት
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ታላቅ ወንድሜ የታክሲ ሾፌር ነው፣ 31 ዓመቱ። ለዓመታት ሲጠጣ ኖሮ ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ «በቃኝ» ብሎ አቆመ። ፋሲካም አልፎ አልጠጣም። እናታችን ለጎረቤቱ ሁሉ እየዞረች ነው ያወራችው። አሁን ግን ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ ቤቲንግ ቤት ነው። ማታ ደግሞ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ስልኩ ላይ ያቺን የአውሮፕላን ቁማር ሲጫወት ያነጋል።

ባለፈው ሳምንት ልብሱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ 14 ትኬት አገኘሁ። አንዱ ላይ 12 ጨዋታ ቆርጧል። አስራ አንዱ ገብቶለት አንዷ በልታዋለች። እሷን በእስክሪብቶ ከቧታል፣ ከጎኗ «ለትንሽ» ብሎ ጽፏል። ያንን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። የእቁብ 4,000 ብር እንዳልከፈለም የሰማሁት በዚያው ሳምንት ነው። ስጠይቀው «መጠጡን ተውኩላችሁ አይደል፣ ይቺን ደግሞ ተዉልኝ» አለኝ። እናቴም «ሰክሮ ከሚገባ ይሻላል» ትላለች። እውነት ይሻላል?

ከሰሚት
እህቴ፣ የጻፍሽው የእኔን ታሪክ ነው። አይሻልም።

የእኔ ቅዳሜ እንዲህ ነበር። ከምሳ በኋላ ጫት። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታየኛል፣ አርሰናል ስንት ለስንት እንደሚያሸንፍ ሳይቀር። የመረቀነ ሰው አይጠራጠርም፣ መዘዙ ያ ነው። እዛው በርጫው ላይ ትኬት እንቆርጣለን። ማታ ጨብሲ። ከበላሁ በደስታ እጠጣለሁ፣ ከተበላሁ በንዴት እጠጣለሁ። ሁለት ቢራ ከገባ በኋላ ደግሞ «የተበላሁትን ላስመልስ» ይመጣል፣ በዚያ ሰዓት ያስያዝኩትን ብር ጠዋት ሳየው እኔ ያስያዝኩት አይመስለኝም ነበር።

አንድ ጊዜ መጠጡን ብቻ ለይቼ ተውኩ። ለመጠጥ ይወጣ የነበረው ብርም፣ ሰዓቱም ወደ ቤቲንጉ ዞረ። በሦስተኛው ወር በአንድ ቀን 18,000 ብር ተበላሁ። የዚያን ለታ ማታ አረቄ ቤት ነበርኩ። የተላቀቅኩት ሦስቱንም አንድ ላይ ስተው፣ ሲም ካርዴን ስቀይርና የቅዳሜ ጓደኞቼን ስርቅ ነው። ጓደኞቼን መራቅ ከሁሉም በላይ ከብዶኝ ነበር።

እውነቱን ልናገር
ሱስ ሱስ እያላችሁ ሰበብ አትስጡት። ሰው ቤተሰቡን ካሰበ ይተዋል። ፀበል ውሰዱት፣ ይበቃዋል።

ነርስ ነኝ
የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ፀበሉን አልቃወምም፣ ራሴም እጠመቃለሁ፣ ከሕክምናው ጋር አብሮ መሄድ ይችላል። «ካሰበ ይተዋል» የሚለው ግን ልክ አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ቁማርን ከአልኮልና ከሌሎች ሱሶች ጋር በአንድ ምዕራፍ አስገብቶታል። ጠባያቸው ስለሚመሳሰል ነው። የሚያስይዙትን ብር እየጨመሩ መሄድ፣ ሲያቆሙ መነጫነጭ፣ መዋሸት፣ ለመተው ደጋግሞ ሞክሮ ማቃት። ያቺ የከበባት ጨዋታም እንዲሁ። «ለትንሽ» መሳት ለአእምሮ እንደ ሽንፈት አይሰማውም፣ ልደርስ ነበር ብሎ ነው የሚይዘው፣ እንደገና እንዲቆርጥም ይገፋዋል።

እህቴ፣ ሦስት ነገር አደራ። ስትጠይቂው ጫቱንም ጨምረሽ ጠይቂው፣ ሾፌሮች ዘንድ የተለመደ ነው። እግዜር አይበለውና ወደ መጠጡ ተመልሶ በየቀኑ አብዝቶ መጠጣት ከጀመረ ደግሞ ቤት ውስጥ በአንዴ አታስቁሙት። እንደዚያ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት መንቀጥቀጥ፣ መዘባረቅ፣ እንደሚጥል በሽታ መውደቅም ሊመጣበት ይችላል፣ የሞተም አለ። እሱ በሐኪም ክትትል ነው የሚሆነው።

ሦስተኛው ዕዳው ነው። ብዙ የተበላ ሰው ለማንም ሳይናገር ራሱን ስለማጥፋት ሊያስብ ይችላል። በግልጽ ጠይቂው። ስለጠየቅሽው ሐሳቡ አይመጣበትም፣ አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

ለቁማር ብቻ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። የምክክር ሕክምና ግን ይረዳል፣ ድብርት ካለበትም እሱ አብሮ ይታከማል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል ሂዱ። ሲጠየቅ መጠጡን ብቻ እንዳይናገር፣ ሁሉንም ያውጣው።

ከሪያድ
እኔ የባሌን ዕዳ 3 ጊዜ ከዚህ ልኬ ከፈልኩ። በከፈልኩ ቁጥር አዲስ ተበደረ። የሰው ቤት ሠርቼ፣ እንቅልፍ አጥቼ ያጠራቀምኩት ነው። አሁን ኪራዩን ለአከራይዋ፣ የልጄን ክፍያ ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ እልካለሁ። በእጁ አንድ ብር አይገባም። መጀመሪያ ተኮራርፈን ነበር፣ አሁን ራሱ «እንደሱ ይሻላል» ይላል። የእኔ ውድ፣ እቁቡን አንቺ ክፈዪ፣ ለሱ ግን አትስጪው።

ታናሽ እህት
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ትናንት ማታ እናቴ ስትተኛ ጠየቅኩት። ጫቱን አመነ፣ ከረዳቱ ጋር ከሰዓት ከሰዓት ይቅማል። ዕዳውን ሲነግረኝ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ስለ መሞትም ጠየቅኩት፣ ዝም አለና «አሁን አይደለም» አለኝ። ሐሙስ መኪናው ጋራዥ ስለሚገባ አማኑኤል አብረን ልንሄድ ተስማምቷል። ትኬቶቹን ይዤ ልሂድ ወይስ ያሳፍረዋል?

ነርስ ነኝ
«አሁን አይደለም» ካለ ሐሙስን አትጠብቂ። ዛሬውኑ ሂዱ፣ እስክትሄዱ ድረስም ከአጠገቡ አትራቂ። ትኬቶቹን እሱ ራሱ ይያዛቸው።