ሲነሳ ንጹሕ የነበረ ካስክ ሲደርስ ለምን ተበክሎ ይገኛል?

ፉርጎ_09፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ የጫነ ካስክ (ወፍራም የብረት መያዣ) ሲነሳ የላይኛው ገጹ ለናሙና በጨርቅ ተጠርጎ ብክለቱ በካሬ ሴንቲሜትር 1.5 ቤኬሬል (በሰከንድ የሚፈራርሱ አቶሞች ቁጥር) ተለካ እንበል፤ ቤታና ጋማ ጨረር ለሚያመነጭ ብክለት ገደቡ 4 ነው። ሁለት ቀን በባቡር ተጉዞ ሲደርስ ግን ታችኛው ጎኑ 9 ሆነ። ክዳኑ አፈሰሰ ማለት ነው ወይስ መጀመሪያውኑ በትክክል አልተለካም?

ጨረር_ለኪ፦
ክዳኑን ለመጠርጠር አትቸኩል። ነዳጁ የሚጫነው ካስኩ ያገለገለው ነዳጅ በሚቀመጥበት የውሃ ገንዳ ውስጥ ጠልቆ ሳለ ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ሲዚየም 137 የተባለ ጨረር አመንጪ በቀለሙ ስንጥቅና በብረቱ ጥቃቅን ቀዳዳ ይሰርጋል። ታጥቦ ሲደርቅ ላዩ ንጹሕ ነው፤ መንገድ ላይ እርጥበትና የሙቀት መለዋወጥ ሲያገኘው የተደበቀው ይወጣል። "ካስኩ አላበው" የሚባለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳይ ውስጥ ቫሎኝ የባቡር ጣቢያ በደረሱ ካስኮችና ፉርጎዎች ላይ ከገደብ ያለፈ ብክለት ተገኝቶ፣ የጀርመን የአካባቢ ሚኒስትር የነበሩት አንጌላ ሜርክል ጭነቱን አስቁመው ነበር፤ የቀጠለው በ2001 ነው።

መለያው ቦታው ነው። በክዳኑ መጋጠሚያ ዙሪያ ከተሰበሰበ ማሸጊያውን ፈትሹ። በማቀዝቀዣ ክንፎቹ ሥርና በማንሻ ጆሮዎቹ ዙሪያ ከተበታተነ ግን ላብ መሆኑ አይቀርም።

ሒሳብ_ያዥ፦
እኔ ደግሞ 1.5ቱን አላምነውም። 300 ካሬ ሴንቲሜትር ተጠርጎ፣ መጥረጊያው 10 በመቶ ያነሳል ተብሎ፣ መሣሪያው 30 በመቶ የሚቆጥር ከሆነ፣ 4 ቤኬሬል ማለት የአካባቢው ጨረር ተቀንሶ በሰከንድ 36 ቆጠራ ነው (4 × 300 × 0.1 × 0.3)። ተቸኩሎ 100 ብቻ ተጠርጎ በ300 ከተካፈለ 36ቱ 12 ይሆናል። ወረቀቱ 1.3 ይላል፣ ካስኩ ግን 4 ላይ ነው። ደግሞ ሰው የሚጠርገው እጁ የደረሰበትን ለስላሳ ጎን ነው፤ ቡሎን ሥር ማን ይገባል?

ቀሚስ_አልብሱት፦
መፍትሔው ከገንዳው በፊት ነው። ካስኩ ቀሚስ (ዙሪያውን የሚሸፍን ልባስ) ይልበስ፤ በቀሚሱና በብረቱ መካከል ማዕድን አልባ ንጹሕ ውሃ ከገንዳው ውሃ ትንሽ በበለጠ ግፊት ይግባ። ቀሚሱ ቢቀደድ ንጹሑ ይወጣል እንጂ የገንዳው አይገባም። ከገንዳ ሲወጣ ሳይደርቅ እጠቡት፤ ከደረቀ በኋላ መፈግፈግ ልፋት ብቻ ነው። ጭነቱ ከወረደ በኋላም ባዶ ፉርጎውን ለኩ፣ የተንጠባጠበው ወለሉ ላይ ይቀራልና።

ፉርጎ_09፦
አመሰግናለሁ። ግጭትስ?

ጨረር_ለኪ፦
ካስኩ ለዚያ ነው የተሠራው፦ ከ9 ሜትር በማይበገር ወለል ላይ መውደቅ፣ በ800 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መቃጠል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1984 ኦልድ ዳልቢ ላይ ሰው አልባ ባቡር በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ እንዲገጨው አድርገው፣ ከውስጥ ግፊቱ የጠፋው እጅግ ጥቂት ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ የቆመ ባቡር ነው። ከፉርጎው 2 ሜትር ርቀት ላይ የሚፈቀደው በሰዓት 0.1 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚያገኘው የጨረር መጠን መለኪያ) ነው። መጠኑ ገደቡ ላይ ከሆነ እዚያ 10 ሰዓት የቆየ ሰው 1 ሚሊሲቨርት ያገኛል፤ ለሕዝብ የተፈቀደው የዓመት ገደብ ያው ነው። ስለዚህ ሐዲድ እስኪለቀቅ የሚጠብቅ ከሆነ ከመንገደኛ መድረክና ከሠራተኛ ማረፊያ ራቅ ብሎ ይቁም።