የሜሪላንድን ምልክቶች በአማርኛ እንዴት እንጥራቸው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ለሚገቡ አዲስ ወገኖቻችን ስለ ሜሪላንድ ግዛት ምልክቶች፣ ተፈጥሮና ጠባይ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሦስት ቦታ ላይ ተያዝኩ። «ኦልድ ላይን ስቴት» የሚለውን ቅጽል ስም «የአሮጌው መስመር ግዛት» ብዬዋለሁ፤ ያስኬዳል? የግዛቲቱን አበባ፣ «ብላክ አይድ ሱዛን»ን፣ «አደይ አበባ» ብላትስ? በማኅተሙ ላይ ያለውን የጣልያንኛ ቃልስ ምን ብዬ ልመልሰው?

መላሽ፦ ወንድሜ፣ «መስመር»ን አውጣው። አንባቢህ ሜሰንና ዲክሰን የተባሉ ቀያሾች በ1760ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራልህ) ከፔንስልቬንያ ጋር ያካለሉት ድንበር ይመስለዋል። እዚህ ላይ «ላይን» ማለት የመደበኛ ወታደር ሰልፍ ነው። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት፣ በ1776 በሎንግ አይላንድ ውጊያ፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር ሲያፈገፍግ፣ የሜሪላንድ እግረኞች በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የእንግሊዝ ጦር ደጋግመው እየገጠሙ፣ ሌላው እስኪያመልጥ ድረስ ገትረው ያዙት። ቅጽል ስሙ የሚነገረው ከእነርሱ ጋር ተያይዞ ነው። እኛም ጥሩ ቃል አለን። «ሰልፍ» ዛሬ ወረፋና የአደባባይ ሰልፍ ሆኖ ቀረ እንጂ በመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ ጦርነት ነው። «የነባሩ ሰልፍ ግዛት» በለውና ታሪኩን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስከትልለት።

አበባዋን ግን አደይ አትበላት። ሁለቱም ከሱፍ አበባ ወገን ስለሆኑ ከሩቅ ሲያዩአት መስከረም የጠባ ይመስላል፤ እኔም ባየኋት ቁጥር ልቤ ይሞቃል። ጠጋ ብለህ እያት። የአደይ መሐሏም ወደ ቢጫ ነው፤ የዚችኛዋ መሐል ግን ጥቁር ቡናማ ጉብታ ነው፣ «ጥቁር ዐይን» ያሰኛትም እርሱ ነው። ግንዷና ቅጠሏ ጠጉራም ስለሆነ ሲነኩት ይሻክራል። የምትፈነዳውም ከሰኔ ጀምሮ ነው። «ጥቁር ዐይኗ ሱዛን» ብትላት ያምርባታል፤ በ1918 የግዛቲቱ አበባ መሆኗንም ጨምርበት።

ወቅቶቹን ስትጽፍም ተጠንቀቅ። በቅርቡ ከአገር ቤት ለመጣ ሰው «ክረምት» የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። «ክረምት ሳይገባ ካፖርት ግዙ» ብትለው ግራ ይገባዋል፤ «ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የብርድና የበረዶ ወራት» በለው።

የማኅተሙ ቃል «ፋቲ ማስኪ፣ ፓሮሌ ፌሚኔ» የሚል፣ ሜሪላንድን የመሠረተው የካልቨርት ቤተሰብ መፈክር ነው። ቃል በቃል «ሥራ የወንድ፣ ንግግር የሴት» ይሆናል። ግዛቲቱ በ2017 ይህን ትታ «ብርቱ ሥራ፣ ለስላሳ ቃል» የሚለውን ፍቺ በሕግ ስላጸደቀች እርሱን ተከተል።

ሌላዋ አባል፦ «የገራም ምላስ አጥንትን ይሰብራል» የሚል የታወቀ ቃል እያለን ለምን አዲስ እንፈጥራለን? አንባቢው ወዲያው ይገባዋል።

መላሽ፦ እህቴ፣ ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ኃይሉን ሁሉ ለምላስ ይሰጣል። የሜሪላንዱ መፈክር ለአፍ ለስላሳነትን፣ ለእጅ ብርታትን ያከፋፍላል። የግዛቲቱን ጠባይ ለማሳየት ደግሞ ከመፈክሩ ይልቅ ሰንደቅ ዓላማው ይሻላል። ጥቁርና ወርቃማው የካልቨርት፣ ቀይና ነጩ ከካልቨርቶች ጋር በጋብቻ የተዛመደው የክሮስላንድ ቤተሰብ ቀለም ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ቀይና ነጩን የተገነጠለው የደቡቡ ደጋፊዎች ይለብሱት ነበር፤ ጥቁርና ወርቃማው ደግሞ ከሰሜኑ ወገን ጋር ይያያዝ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱ በአንድ ጨርቅ ላይ ተዋደዱ፤ በ1904ም ሕጋዊ ሰንደቅ ሆነ። ወንድም ከወንድም የተዋጋበትን ዘመን ለሚያውቅ ወገናችን ይህን ማስረዳት ብዙ ቃል አይፈጅም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ ቀረኝ፤ «ብሉ ክራብ»ን ልተወው ይሆን? ክንፍና ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ምእመን አይበላውም።

መላሽ፦ እንዳትተወው! የቼሳፒክ ሰላጤ ዳርቻ ኑሮ ያለ እርሱ አይገለጽም፤ ከ1989 ጀምሮም የግዛቲቱ ምልክት ነው። «ሰማያዊ ሸርጣን» በለው፣ ሲቀቀል እንደሚቀላም ንገራቸው፤ አለዚያ ገበታ ላይ ያዩት ሌላ ይመስላቸዋል። ገልብጠው ሆዱን ይዩት። የወንዱ ሽፋን ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ከዋሽንግተን ሐውልት ጋር ያመሳስሉታል፤ የደረሰችው ሴት ሽፋን ሰፊና ክብ ስለሆነ በዋሽንግተን ዲሲ ያለውን የአሜሪካ ምክር ቤት ጉልላት ይመስላል ይላሉ። የሴቷ መቆንጠጫ ጫፍ ደግሞ ጥፍሯን የተቀባች ያህል ቀይ ነው። ዓሣ ገበያ ውስጥ ወንዱን «ጂሚ»፣ የደረሰችውን ሴት «ሱክ» ሲሏቸው ይሰማሉና ሁለቱን ስሞች እንዳሉ በፊደላችን ጻፍላቸው።