«ጨዋም ቢሆኑ ጨዋ ነበሩ» ማለት ምን ማለት ነው?

የማቻከል ልጅ፦ በአያቴ ዐርባ ላይ የደብሩ መሪጌታ ተነሥተው «ጨዋም ቢሆኑ ጨዋ ነበሩ» አሉ። ካህናቱ ፈገግ ሲሉ አባቴ «በለቅሶዬ ላይ ሰደቡኝ» ብሎ ተቀየመ። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ክረምት ጎርፍ የድንበሩን ድንጋይ በነቀለ ቁጥር ግን ጎረቤታቸው ሳይጠራቸው ወጥተው ይተክሉት ነበር፤ ያውም አንድ ክንድ ወደ ራሳቸው ማሳ አስገብተው። አባቴን ምን ልበለው?

ቅኔ ቤት፦ ስድብ አይደለም፣ እኅቴ። በቤተ ክህነት ቋንቋ ጨዋ ያልተማረ፣ ክህነት የሌለው ነው። ሁለተኛው ጨዋ የጠባይ ነው። ሥሩም ጨው ነው፤ ጨዋ ሰው የገባበትን ቤት ያጣፍጣል።

ባለ ዳዊት፦ ጨውን ተዉት! ጨው በግእዝ ጼው ነው፣ በጸሎቱ ጸ። የጨዋ ሥር ግን በፀሐዩ ፀ ነው፤ መዝሙር 67 «ፄወውከ ፄዋ» ሲል ምርኮን ማረክህ ማለቱ ነው። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በየአገሩ ያሰፈሩት ጭፍራ ጨዋ ይባል ነበር። ወታደር ካህን ስላልሆነ «ያልተማረ» ተባለ፤ ርስትና ማዕረግ ሲያገኝ ደግሞ «የጨዋ ልጅ» መጣ።

የሸዋ ሴት፦ እንግዲያው ጨዋነት ዘር ነዋ። አያቴ ልጅ ሲዳሩ ሰባት ቤት ያስቆጥሩ ነበር።

ባለ ዳዊት፦ አልቀበልም። ቃሉ ከምርኮኛ ተነሥቶ መኳንንት ዘንድ ከደረሰ በዘር አይታሰርም። ያን ድንጋይ የተከለው የማን ሰባት ቤት ነው?

ቅኔ ቤት፦ ወንድሜ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ። ጸ እና ፀ በብራናው ሁሉ ተቀላቅለዋል፤ በአንድ ፊደል ሥር አይቆረጥም።

ባለ ዳዊት፦ ጸሐፊው ቢያቀላቅል ትርጉሙ ይቀላቀላል? መምህርዎ ይህን አላስተማሩዎትም።

የሸዋ ሴት፦ መሪጌታው ሁለተኛውን «ጨዋ» ሲሉ እንዴት አሉት? ቅኔ ከአባባሉ ይታወቃል።

የማቻከል ልጅ፦ ዝቅ ባለ ድምፅ። እጃቸውን ወደ ማሳው ዘርግተው ነበር።

ቅኔ ቤት፦ የቆየ የብራና ዳዊት በእጁ ያለ ሰው «ፄወውከ» በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ አይቶ ይንገረን።